ለአድዋ በዓል ምን ልልበስ? ምንስ ልናገር?

ከደሴ የጻፍሽልኝ የሎጂስቲክስ ምሩቅ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ለሥራ ልምምድ ገብተሻል። ሠራተኛው በየካቲት 23 ዋዜማ የአድዋን ድል ሲያከብር የአምስት ደቂቃ ንግግር እንድታደርጊ ተመርጠሻል። አለቆቹ ሁሉ ይኖራሉ፤ አንድ ክፍት የሥራ ቦታም አለ። "የሐበሻ ቀሚስ ተበድሬ ልግዛ? ከሂጃብ ጋርስ ይሄዳል? ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ምን ልበል?" ብለሻል።

ተበድረሽማ አትግዢ። ገና ደሞዝ ሳትጀምሪ ዕዳ ምን ያደርግልሻል? ከእህት ወይም ከጓደኛ ተዋሺ። ከረዘመብሽ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ጫፉን አሳጥፊው፤ ስትመልሺ ይተረተራል። ነጠላውን በመርፌ ቁልፍ ያዢው። አንድ እጅሽ ማይክ፣ ሌላው ነጠላ ከያዘ ወረቀትሽን ማን ይይዝልሻል? ሂጃቡ ይሄዳል ወይ? ወሎ ላይ ሆኖ ይሄ ይጠየቃል እንዴ! ከጥለቱ አንዱን ቀለም መርጠሽ የሚመስለውን ሂጃብ አድርጊ፣ አለቀ።

ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ ሙቀቱ ይቀበልሻል። በነጭ ቀሚስ ሚኒባስ ውስጥ አትጋፊ። ማታውኑ ተኩሰሽ አጥፈሽ ያዢውና እዚያ ቀይሪ፤ ጠዋት መብራት ላይኖር ይችላል። ዝግጅቱ አልቆ ወደ መጋዘን የምትመለሺ ከሆነ ደግሞ ጋውንሽንና ሽፍን ጫማሽን አድርጊ። በተንዘረፈፈ ነጠላ ፎርክሊፍት አጠገብ መቆም ሥራውን እንደማታውቂ ያስቆጥርብሻል። አለቆችሽ ከጥልፍሽ ይልቅ ይህን ያያሉ።

አሁን ወደ ንግግሩ። ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ሁሉም ያወራል። አንቺ ውጫሌ እዚሁ ወሎ ውስጥ እንደሆነች፣ ውሉም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እንደተፈረመ ተናግረሽ እለፊ። ከዚያ ወደ ሙያሽ ግቢ፤ ስለ ስንቅ አውሪ።

የክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ ወረኢሉ ላይ ጦር አሰባሰቡ፤ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛም ዘመተ። አድዋ ላይ የተዋጉት ግን የካቲት 23 ነው። አምስት ወር ገደማ! ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው? ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው። አጋሰሱ ይጭናል፣ ሴቶች እየፈጩና እየጋገሩ ይከተላሉ። በመንገድ ላይም መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ሲከበብ እቴጌ ጣይቱ የውሃውን ምንጭ አስያዙ፤ ምሽጉ ውስጥ ያለው ጦር በጥም ተቸገረ።

የካቲት ሲገባ የሁለቱም ወገን ስንቅ ወደማለቁ ነበር። ይህን ብዙ ተናጋሪ አያነሳውም። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ ኋላ መመለስ አስቦ ነበር። ግን ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ይወተውቱታል፣ አዛዦቹም "እንዋጋ" አሉት። ሌሊት ሲጓዙ የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ የተራራ ስም ተምታቶበት ከሌሎቹ ርቆ ሄደ። ጎህ ሲቀድ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። በስንቅ እጥረትና በተምታታ ካርታ የተነሳ የደረሰውን መጋዘን የሚያስተዳድር ሰው ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ድምፅ ከፍ አድርጎ መፎከሩን ለሌላ ሰው ተይለት፤ አንቺ ረጋ ብለሽ ተርኪ። "እኛም በፋብሪካችን" የምትል ማነጻጸሪያ ደግሞ አትጨምሪ። ራሳቸው ያገናኙታል።

ስለ ክፍት ቦታው በዚያ ቀን አታንሺ፤ የበዓል ቀን ቡና እየጠጣ ያለን አለቃ ሥራ መጠየቅ ያስከፋል። በዓሉ አልፎ ሥራ ሲጀመር ማመልከቻሽን ከሲቪሽ ጋር ለሰው ኃይል ክፍል አስገቢ። የልምምድ አለቃሽን የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቂያቸው፤ ንግግሩ ገና ከአእምሯቸው ሳይወጣ።