መልስ፦ ከኬ.ኤች.ኤል ወደ ኤን.ኤች.ኤል የሚዛወሩ ኮከቦች ብቃት

በሩሲያው የበረዶ ሆኪ ሊግ (ኬ.ኤች.ኤል) የገነነ ተጫዋች ወደ ሰሜን አሜሪካው ኤን.ኤች.ኤል ሲዛወር ብቃቱ አብሮት ይሄድ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት በኬ.ኤች.ኤል ያስመዘገበው ነጥብ፣ ማለትም ያገባውና ያመቻቸው ጎል ድምር፣ ብቻውን አስተማማኝ ማስረጃ አይሆንም።

አርቴሚ ፓናሪን በ2014/15 ለሴንት ፒተርስበርጉ ስካ ክለብ በ54 ጨዋታዎች 62 ነጥብ ካገኘ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በኤን.ኤች.ኤሉ ቺካጎ ብላክሆክስ በ80 ጨዋታዎች 77 ነጥብ አስመዝግቦ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። እንደ እሱ ከስካ የወጣው ቫዲም ሺፓቾቭ ግን በ2016/17 በ50 ጨዋታዎች 76 ነጥብ ይዞ፣ ማለትም ከፓናሪን በላቀ ውጤት፣ ወደ ቬጋስ ጎልደን ናይትስ ቢሄድም 3 ጨዋታ ተጫውቶና አንድ ጎል አግብቶ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ልዩነቱን ያመጣው በአመዛኙ ዕድሜና አሰላለፍ ይመስለኛል። ፓናሪን ገና በ24 ዓመቱ ከቺካጎው ኮከብ አጥቂ ከፓትሪክ ኬን ጋር የተጣመረ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚጫወተው አርቴም አኒሲሞቭም የአገሩ ልጅ ነበር፤ ሺፓቾቭ ግን 30 ዓመት ሞልቶት ገና በተመሠረተ ቡድን ውስጥ ቋሚ ቦታ አላገኘም።

የሜዳው ስፋትም መዘንጋት የለበትም። የኤን.ኤች.ኤል ሜዳ 30 ሜትር ስፋት ካለው ከቀድሞው ዓለም አቀፍ ሜዳ በ4 ሜትር ያህል ስለሚጠብ፣ ተከላካዩ ፈጥኖ ይደርስብዎታል፤ አይቶ ለማቀበል የሚተርፈው ጊዜም እጅግ ያጥራል። ቀድሞ በኤን.ኤች.ኤል ተጫውቶ ሜዳውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ኢልያ ኮቫልቹክ እንኳ በ35 ዓመቱ ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ፈርሞ ወደ ሊጉ ሲመለስ በ64 ጨዋታዎች 34 ነጥብ ብቻ ነው ያገኘው።