ሲስተርን ጠይቁ፦ የልጆች ውፍረት፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ልጆች ውፍረት መልሺልን ስትሉ ከረማችሁ፣ ይኸው ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ደሴ ውስጥ ሕፃናት ስመዝን የኖርኩ ነርስ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ቁመት የሌለው ኪሎ አትጻፉልኝ። ልጁን ዳየት የሚያስጀምር ሰውም እንዳልሰማ።

የሸዋበር አባት፦ ሲስተር፣ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ 32 ኪሎ። ወፍሯል?

ሲስተር፦ ቁመቱስ? አሁን ምን አልኩ! 32 ኪሎ ብቻውን ወሬ ነው። ኪሎውን ለቁመቱ በሜትር ታካፍላለህ፣ የመጣውን እንደገና ለቁመቱ ታካፍላለህ። 138 ሴንቲ ከሆነ ወደ 17 ይመጣል፣ ሰላም ነው። 120 ከሆነ 22 ያልፋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ 8 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ከ17.4 ሲያልፍ ክብደቱ በዝቷል ይባላል፣ ከ19.7 ሲያልፍ ደግሞ ውፍረቱ ለጤናው የሚያሰጋ ነው። ለሴት ልጅ ሌላ ነው፣ በየዕድሜውም ይለያያል፣ ስለዚህ የአዋቂውን የ25 ወሰን ለልጅ አታምጡብኝ።

ስትለኩም ባዶ እግር፣ ተረከዝ ግድግዳ ላይ፣ መጽሐፍ አናት ላይ ቀጥ አድርጎ፣ በእርሳስ ምልክት። ሴት ልጅ ከሆነች ፀጉሯን ፍቱላት። አንዴ አናቷ ላይ ተቆልሎ የታሰረ ሹሩባ ቁመት ሆኖ ተመዝግቦ፣ ልጅቷ በሚቀጥለው ቀጠሮ አጥራ መጣች። እናትየዋ ደንግጣ ልትሞት!

የሆጤ ልጅ፦ እኛ ጋ ርሃብ እያለ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

ሲስተር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይህን ረዘም አድርጌ ልመልስ። በ2019 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረዋል፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሯል፣ ክብደታቸው የበዛው 2 በመቶ ገደማ ናቸው። ትልቁ ሸክማችን መቀንጨር ነው፣ ማንም አይክደውም። መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው ለዚሁ ነው፣ ሰቆጣ ደግሞ ጎረቤታችን ናት። ግን ዓለምን እዩ። ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ ክብደታቸው የበዛው በ1990 እ.ኤ.አ. 8 በመቶ ነበሩ፣ በ2022 20 በመቶ ደረሱ። ከ390 ሚሊዮን በላይ ልጅ ነው። ጭማሪው ደግሞ የሀብታም አገር ብቻ አይደለም። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ ኋላ ስኳርና ዘይት ሲበዛበት ቁመቱ አይመለስም፣ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ከስቶ ሌላው ወፍሮ አይቻለሁ። ርሃቡ አልቆ አይደለም ውፍረቱ የሚመጣው፣ ተደርበው ነው።

የቧንቧ ውሃ እናት፦ ቅቤ ላቁምበት?

ሲስተር፦ አይ።

የኮምቦልቻ እናት፦ ሲስተር፣ የኛ አገር ሙቀት ነው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ለስላሳ ካልሰጠሁት አገር ይያዝልኝ ይላል። አንድ ጠርሙስ ምን ያደርጋል?

ሲስተር፦ አሁን ገና የልቤን አመጣሽው። ስኳር ያለበት አንድ ባለ 300 ሚሊ ለስላሳ ወደ 32 ግራም ስኳር አለው። በሻይ ማንኪያ 8 ቁጠሪ። ለአንድ የ7 ዓመት ልጅ ሻይ 8 ማንኪያ ስኳር ታደርጊለታለሽ? እጅሽ ይንቀጠቀጣል! የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከሚገባው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በታች እንዲሆን ነው። 5 በመቶው ለዚያ ዕድሜ 20 ግራም ገደማ ነው። ጠርሙሱ ብቻውን አልፎታል። ፈሳሽ ደግሞ ሆድ አይሞላም፣ ከላዩ እራቱን እንደ ወትሮው ይበላል።

አንዱ ልጅ ሚዛን ላይ ወጥቶ እንኳ ጠርሙሱን አልለቅም አለ። እናቱ «ተዉት ያልቅሳል» አለችኝ። ከነጠርሙሱ መዘንኩት፣ ምን ላድርግ።

ለጠማው ልጅ ውሃ ነው።

የአራዳ ወጣት፦ ጁስስ? ተፈጥሮ ነው።

ሲስተር፦ ብርቱካኑን ይብላ። ሲጨመቅ ስኳሩ ከዚያው ከምንገድበው ስኳር ይቆጠራል። ማርም እንደዚያው። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም።

የፒያሳ ልጅ፦ ኮምቦልቻዎች ሜዳ ላይ ስለምትኖሩ ነው። የደሴ ልጅ ዳገት ወጥቶ ይወርዳል፣ አይወፍርም።

የኮምቦልቻ እናት፦ ዳገቱን የሚወጣው ባጃጁ ነው እንጂ ልጁ ነው እንዴ?

የፒያሳ ልጅ፦ እኛ የጦሳን ተራራ በእግራችን እየወጣን ነው ያደግነው።

የሆጤ ልጅ፦ ያኔ ስልክ ስላልነበረ ነው ወንድሜ።

ሲስተር፦ ጨረሳችሁ? ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ ጨዋታ ይመከራል። ዳገትም ሆነ ኳስ ግድ የለኝም። ቀጥሉ።

የሳላይሽ አባት፦ ሆርሞን ይሆናል ብለውኛል።

ሲስተር፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ወፍሮ ቁመቱ ግን ቆሞ ከሆነ ሐኪም ይየው። አሁንም ቁመት ነው።

ስሜ ይቆይ፦ መንግሥት ምን ያድርግ?

ሲስተር፦ ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በሊትር 1 ፔሶ ቀረጥ ጣለች፣ ለስላሳ ገዢው ቀነሰ። ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳርና ጨው የበዛበት እሽግ ላይ ጥቁር ምልክት አስለጠፈች፣ ትምህርት ቤት ውስጥም እንዳይሸጥ ከለከለች። እኔን የሚገርመኝ እንግሊዝ ናት። ቀረጡን በስኳሩ መጠን አደረገችው፣ ፋብሪካዎቹ በ2018 ቀኑ ሳይደርስ ስኳሩን ቀነሱ። እዚህ የምመኘው ትንሽ ነው። የትምህርት ቤት በር ላይ ከከረሜላና ከቦንቦሊኖ ጎን ንፍሮና ሙዝ ይሸጥ፣ ግቢው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ይኑር። ቧንቧው ከደረቀ ልጁ ለስላሳ ቢገዛ ምን ይፈረድበታል?

የወይዘሮ ልጅ፦ ልጄ 25 ኪሎ ናት፣ በዛ?

ሲስተር፦ ያ ረቢ! ቁመት! ዕድሜ!

የአራዳ ወጣት፦ እራት ቢዘልስ? ወይ ጾም ቢለማመድ ይቀንሳል።

ሲስተር፦ አይዘልም። የሚያድግ ልጅ ኪሎ እንዲቀንስ አንፈልግም፣ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው የምንጠብቀው። ጾምን ለሃይማኖታችሁ ተዉት፣ የማክሻ መድኃኒት አታድርጉት።

የሸዋበር አባት፦ ሲስተር፣ ተመልሻለሁ። 121 ሴንቲ። ባዶ እግሩን፣ በሩ ላይ በእርሳስ።

ሲስተር፦ ጎበዝ። 21.9 ገደማ ነው፣ በዝቷል። ጤና ጣቢያ ወስደህ አስለካው፣ ሚዛንህን አላምነውም። እስከዚያ ለስላሳውን ከቤት አውጣ፣ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም፣ አንተም አትጠጣ። ሰው ፊት «ወፍራሜ» አትበለው። የበሩን ምልክት ግን እንዳታጠፋው፣ ከሦስት ወር በኋላ እዚያው አቁመው።