«እኩያዋ እንግሊዝኛ ያነባል፣ የእኔዋ ገና ሀሁ ላይ ናት» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ከጥያቄሽ ስር የተሰጡትን መልሶች አየኋቸው፤ ግማሹ «ቶሎ ትምህርት ቤት ቀይሪላት» ይላል፣ ግማሹ «ልጅ ናት፣ ተያት» ይላል። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ያልሽው ይሄ ነው፦ ልጅሽ አምስት ዓመት ሞልቷታል፣ ኬጂ ቱ ናት፣ ትምህርት ቤቷ «መጀመሪያ አማርኛ» የሚል ነው። በፋሲካ ቤተሰብ ሲሰበሰብ እኩያዋ የሆነው የባልሽ እህት ልጅ የእንግሊዝኛ ተረት መጽሐፍ ከፍቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረደው። አማትሽም ሰው ፊት «የእኛዋስ?» አሉ። አሁን ልቀይርላት ወይ ነው ጥያቄሽ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ኬጂ አስተምሬያለሁ። የራሴ ሁለት ልጆችም በተለያየ መንገድ ነው ያለፉት፤ ትልቁ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ በሆነ የግል ትምህርት ቤት፣ ትንሿ ሰፈራችን ባለ የመንግሥት ኬጂ። (ለምን እንደተለያዩ አትጠይቂኝ፣ የክፍያ ነገር ነው።)

ትምህርት ቤት ከመቀየርሽ በፊት ያ ልጅ በእርግጥ እያነበበ መሆኑን እይ። ለክፋት አይደለም፣ ልጁም ምንም አላጠፋም። ግን እኛ መምህራን የምናውቀው ነገር አለ፤ የወላጆች ቀን ሲቃረብ አንድ መጽሐፍ ተመርጦ በየቀኑ በዝማሬ ይባላል። ልጆቹ ደግሞ ጆሯቸው ጉድ ነው፣ በቃላቸው ይይዙታል። አንዱ ተማሪዬ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞ «ዘ ካት ኢዝ ኦን ዘ ማት» ብሎ አንዲት ቃል ሳይስት ጨርሶታል፣ ጣቱንም በመስመሩ ላይ እያስኬደ! ወላጆቹ በስልክ እየቀረጹት ነበር። ማጣራቱ ቀላል ነው። ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍኚና ከመሀል አንዷን ቃል አሳዪው፤ ወይም ያንኑ ቃል ሌላ ወረቀት ላይ ጻፊለት። አሁንም ካነበበው ጎበዝ ነው፣ አመስግኚው። ካላነበበው ልጁ ያለው ጥሩ ትዝታ ነው፤ እሱም ወደ ንባብ የሚያደርስ ነገር ነው፣ ግን ለልጅሽ መለኪያ አይሆንም።

የእኛም ሀሁ ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ገበታ እያየ ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ልጅ ስንት አየሁ። «ሚን አሳየኝ» ስትይው ግን ጣቱን መልሶ መ ላይ ያሳርፍና «መ፣ ሙ፣ ሚ!» ብሎ ቆጥሮ ይደርስባታል። ፊደሏን አላወቃትም፣ ወንበሯን ነው የሚያውቀው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲፈተን ከሁለተኛ ክፍሎቹ ብዙዎቹ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እኮ አይደሉም። የጥንት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ለዚህ ነው ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚቆጠረው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እያንዳንዷ ከተለያየ ቤት ስለምትመጣ ልጁ በለመደው የሀሁ ዜማ ሊወጣው አይችልም፣ ፊደሏን ፊት ለፊት ማየት አለበት። አሁን ባሉት ኬጂዎች ውስጥ ይህን የሚያደርግ መምህር ብዙ አላየሁም፤ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሌላው ነገር፣ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ሚዛን አታስቀምጪያቸው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ልጁ ግን «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ ስማቸውን ከጠራ በኋላ «ካት» ላይ የሚደርስበት መንገድ የለውም፤ ድምፃቸው ሌላ ነው፣ ያውም በየቃሉ ይለዋወጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን ከሌሎች 12 የአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ልጆች በአንድ ዓመት የሚደርሱበት ደረጃ ላይ ለመድረስ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱት ልጆች ራሳቸው ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይወስድባቸዋል። የእኛዎቹ ደግሞ ያለ ቋንቋው ነው የሚጀምሩት። ትልቁ ልጄ «ማት» የሚለውን አጥርቶ ያነብ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «ቃል ነው» አለኝ።

በአማርኛ ቡ እና ና ካወቀች ቡና አነበበች፣ አለቀ። ብዙነቱ ነው የሚያስፈራው፤ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ግን 231 የተለያየ ነገር አይደለም። ካዕቡ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፦ ቡ ሉ ሙ ሱ። ሣልሱ እግሩ ስር፣ ኃምሱ ቀለበት። ሩ እና ፉ ከሕጉ ያፈነግጣሉ፣ ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ ት፣ ም፣ ር ያለው) እና ሳብዕ (ሰባተኛው) ደግሞ ሕግ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ እነዚህን ለብቻ ማስጠናት ነው። ሰ ኮፍያ ሲያደርግ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ ይሆናል፤ ልጆች ይህን ሲደርሱበት ይስቃሉ። ሠን፣ ኀን፣ ዐን፣ ጰን አሁን ተያቸው፣ አንደኛ ክፍል ይደርሱባቸዋል።

ቤት ውስጥ ከትንሿ ጋር የሠራሁትን ልንገርሽ፣ ካስተማርኩትም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ሳድስ የሌለባቸው ቃላት ብቻ፦ ቡና፣ ዳቦ፣ ዶሮ፣ ሎሚ፣ ቆሎ፣ ጫማ፣ ሱሪ፣ ሳሙና። በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ ዕቃው ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ስትለምደው ደግሞ አነሳና ጠረጴዛ ላይ አደባልቀዋለሁ። ቀጥሎ መጨረሻቸው ብቻ ሳድስ የሆኑ፦ ላም፣ ቤት፣ ሙዝ፣ በግ፣ ሱቅ። እዚህ ጋ መንተባተብ ይመጣል። «ቤ… ት… ቤት!» እስክትል ሁለቱን ፊደል ሳትጣደፊ አብረሽ በይላት። ሳድሱ አንዳንዴ ትንሽ ድምፅ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፅ የለውም፤ ጽሑፉ ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። «ትምህርት» አምስቱም ፊደሉ ሳድስ ነው። ከባዷን ቃል በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ጽፈን ልጆቹ አላነበቧትም ብለን እንገረማለን።

ከዚያ መንገድ ላይ መውጣት ነው። የሱቅ ታፔላ፣ «ዳቦ ቤት»፣ «ፀጉር ቤት»፣ የታክሲው ላይ «መገናኛ»። በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ልብስ መሸጫ በር ላይ «የገና ቅናሽ» የሚል ተሰቅሎ አየች፤ «ገና»ን አላልታ አነበበችው፣ ልክ «ገና አልመጣም» እንደሚባለው። ቆም አለች። ፊቷ ሲኮሳተር ታየኝ። ከዚያ «ገና! በዓሉ!» ብላ አጥብቃ ደገመችው። ማጥበቅና ማላላት በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አይታይም፤ ያስተካከላት የምታውቀው ቋንቋ ነው። ትልቁ ልጄ በዚያ ዕድሜው በእንግሊዝኛ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ራሱን የሚያርምበት ቋንቋ አልነበረውማ። በነገራችን ላይ አሁን ሁለቱም በሁለቱም ቋንቋ ያነባሉ። ትንሿ እንግሊዝኛውን የጀመረችው ዘግይታ ነው፣ ግን ፊደል ድምፅ እንደሆነ ቀድሞ ስለገባት ፈጥኖላታል። ትልቁ እስከ ሦስተኛ ክፍል አማርኛ ንባብ ሲመጣ ሆዴን አመመኝ ይል ነበር።

ስለ መጻፍ አንድ ነገር ብቻ፦ የአራት ዓመት ልጅ አንድ ገጽ ሙሉ «በ» ጽፎ እንዲመጣ የሚያዝ የቤት ሥራ ለእኔ ቅጣት ነው። ጣታቸው ገና አልጠነከረም። ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ በትሕትና «ግማሹን ሠርታለች» ብለሽ ፈርሚና ላኪ፣ ሚሷም ትረዳለች፤ እኔ እረዳ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ «መጀመሪያ አማርኛ» ስላለ ብቻ አልቀይረውም። ግን ዝም ብለሽም አትመኚው። አንድ ቀን ሄደሽ ሚሷን «ፊደሉን ከተራው ውጪ ታስጠኗቸዋላችሁ ወይ? ቃል መመሥረት የምትጀምሩት መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ክፍሉ ውስጥ ልጆች የሚነኩት መጽሐፍ ካለም ተመልከቺ፤ በመስታወት ቁምሳጥን የተቆለፈውን አትቁጠሪው። መልሷ «ዓመቱን ሙሉ ሀሁ ነው» ከሆነ ያኔ ሌላ ማማረጥ ትችያለሽ፤ ምክንያትሽ ግን የአክስቷ ልጅ አይሁን። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፣ ልጅሽ ጊዜ አላት። ለአማትሽ አንድ የቡና፣ የዳቦ፣ የዶሮ ካርቶን ይዘሽ ሂጂና ከልጅቷ ጋር ይጫወቱበት፤ የእኔዋ አማት ከዚያ በኋላ ዋናዋ አስጠኚ ሆነው አረፉት።

«ተያት» ያሉሽን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትስሚ። ኬጂ ስሪ አልቆ «ቡና» እና «ቡዳ» በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩ ማወቅ ካቃታት፣ ዛሬ ያወቀቻትን ፊደል በየቀኑ እንደ አዲስ የምታያት ከሆነ፣ ስትጠሪያት ደጋግማ «እ?» የምትል ከሆነ ወይም መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ የምታስጠጋ ከሆነ ጆሮዋንና ዓይኗን አስመርምሪ። ክፍሌ ውስጥ «ሰነፍ» ተብላ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ከኋላ ወንበር አንስቼ ሰሌዳው ስር ሳስቀምጣት በሳምንቱ ፊደል መለየት ጀመረች። መነጽር ነበር የሚያስፈልጋት።