ድካም ሁሉ የዕድሜ ነውን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው። አንድ የቅርብ ወዳጄ ለወራት ሲደክመው ቆይቶ በመጨረሻ የደም ካንሰር እንደያዘው ተነገረው፤ እሱም ሆነ እኛ ወዳጆቹ ነገሩን ከእርጅና ቆጥረን አልፈነው ነበር። እኔ አሁን ደህና ነኝ። ቢሆንም በየዓመቱ የደም ካንሰር ቅድመ ምርመራ ማድረግ ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ፦ ለጡት፣ ለማሕፀን በርና ለትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይመከራል፤ ምንም ምልክት በሌለው ሰው ላይ የደም ካንሰርን አስቀድሞ ለመለየት የሚመከር ምርመራ ግን የለም። ይህ ቸልተኝነት አይደለም። የደም ካንሰር የሚባለው ሉኪሚያን (የደምና የአጥንት መቅኒ ካንሰር)፣ ሊምፎማን (የንፍፊት ዕጢዎች ካንሰር) እንዲሁም ማይሎማን (በአጥንት መቅኒ ውስጥ ያሉ ፕላዝማ የሚባሉ ሴሎች ካንሰር) የመሳሰሉ ጠባያቸው የተለያየ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ በአረጋውያን ላይ ከሚታዩት አንዳንዶቹ እጅግ አዝጋሚ በመሆናቸው ቀድሞ መገኘታቸው ብቻውን ለታካሚው ጥቅም አያስገኝም። ለምሳሌ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች 3 በመቶ በሚያህሉት ደም ውስጥ ማይሎማን ሊቀድም የሚችል ያልተለመደ ፕሮቲን ይገኛል፤ ከእነዚህ መካከል ወደ ማይሎማ ወይም ወደ ተዛማጅ ሕመም የሚሻገረው ግን በዓመት ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ ነው። ሁሉንም መመርመር የብዙዎችን እንቅልፍ መንሳት ይሆናል።

የወዳጅዎ ታሪክ የሚያሳየው ክፍተት ሌላ ነው፤ ምልክቱ ነበረ፣ ነገር ግን ስም የተሰጠው «እርጅና» ተብሎ ነው። የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ደም ሴሎች ፕሮቲን) መጠን በወንድ ከ13፣ በሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር ሲያንስ የደም ማነስ ይባላል፤ ይህ መለኪያ ደግሞ ሰው ስላረጀ ዝቅ አይደረግም። ስለዚህ የደም ማነስ የተገኘበት አረጋዊ መንስኤው ሳይጣራ የአይረን እንክብል ብቻ ይዞ መመለስ የለበትም (መንስኤው ብዙውን ጊዜ ካንሰር ባይሆንም እንኳ)። የማይለቅ ድካም፣ የሚደጋገም ኢንፌክሽን፣ ያለ ምክንያት የሚታይ የቆዳ መበለዝ ወይም የድድ መድማት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚወጣና የማያም እብጠት ሲኖር አጠቃላይ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ በተለምዶ ሲቢሲ የሚባለው ምርመራ፣ ጥሩ መነሻ ነው።

ለጀርባ ሕመም የተለየ ትኩረት እንዲሰጡ እንመክራለን። ማይሎማ አጥንትን ስለሚያሳሳ ሕመሙ የወገብ ችግር መስሎ ለወራት በማስታገሻ ሊሸፈን ይችላል፤ ከእነዚህ ማስታገሻዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በሽታው ራሱ የሚያጠቃውን ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳሉ። አዲስ የጀመረና በዕረፍት የማይሻል የአጥንት ሕመም ከደም ማነስ ጋር ከተገኘ ሐኪሙ የካልሲየምን፣ የኩላሊትንና የደም ፕሮቲንን ምርመራ ሊያዝ ይገባል።

ትንባሆ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም፣ ከነዳጅ ትነት ጋር የሚያገናኝ ሥራ ካለዎትም ራስዎን መጠበቅ አደጋውን ይቀንሳል። ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ክትትል ሲሄዱ የቀድሞ የደም ምርመራ ውጤቶችዎን ይዘው ይቅረቡ፤ አምና 14 የነበረው ሄሞግሎቢን ዘንድሮ 12 ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ ልዩነቱን የሚያየው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።