የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሬዚደንት ሐኪም ተማሪ ነው ወይስ ሠራተኛ?

ጥያቄ፦ የሕክምና ትምህርቴን ጎንደር ጨርሼ፣ ጥቂት ዓመታት በአገር ቤት ካገለገልሁ በኋላ፣ የአሜሪካን ፈተናዎች አልፌ በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ማለትም በሆስፒታል እየሠራ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም፣ ሆኛለሁ። የምሠራው በምሥራቅ አሜሪካ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ሲሆን አሁን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር ከአዳር ስወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት የሚፈረምበትን ካርድ ሰጠችኝ። ካርዱ እስከ ዛሬ በጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሰማንያ ሰዓት የሠራሁባቸው ሳምንታት ብዙ ናቸው፤ ከአዳር ስመለስም መሪ እንደያዝሁ እንቅልፍ ሊወስደኝ የቃጣባቸው ጊዜያት አሉ። ነገሩን ለአባቴ በስልክ ባጫውታቸው ግን «ልጄ፣ የሄድኸው ልትማር ነው፤ በሰው አገር አንገትህን ደፍተህ ትምህርትህን ጨርስ» አሉኝ። በእርግጥ ተማሪ ነኝ ወይስ ሠራተኛ? ብፈርም ቪዛዬን ይነካብኛል? ነገሩ ወደ አድማ ቢያመራስ፣ በሽተኛን ትቶ መውጣት ለሐኪም ይገባልን?
— ስሜ ይቆይ

መልስ፦ የአሜሪካ ሕግ ራሱ ለ23 ዓመታት ከአባትዎ ጋር አንድ ሐሳብ ነበረው። የሠራተኛና አሠሪ ግንኙነት ብሔራዊ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1976 በሎስ አንጀለሱ የሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ጉዳይ ሬዚደንቶች በዋነኛነት ተማሪዎች ስለሆኑ የመደራጀት ሕጉ አይመለከታቸውም ብሎ ወሰነ። ይኸው ቦርድ በ1999 በቦስተን ሜዲካል ሴንተር ጉዳይ የቀድሞ ውሳኔውን ሽሮ፣ አንድ ሰው እየተማረም ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። በ2011 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜዮ የሕክምና ተቋም ጉዳይ፣ ሙሉ ሰዓት የሚሠሩ ሬዚደንቶች ተማሪ ተብለው ከሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) ግብር ነጻ እንደማይሆኑ ፈረደ። ስለዚህ ከየደመወዝዎ ግብር ሲቆረጥ ሠራተኛ ነዎት፤ ለድርድር ሲሆን ወደ ተማሪነት የሚመለሱበት ምክንያት የለም።

ስለ ፊርማው፦ ካርዱ ምርጫ እንዲካሄድ የሚጠየቅበት ነው እንጂ የአድማ ቃል ኪዳን አይደለም። ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆኑት ሬዚደንቶች ከፈረሙ ቦርዱ በምሥጢር ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ ሊያካሂድ ይችላል፤ ማኅበሩ የሚቋቋመውም ከተሰጠው ድምፅ አብላጫውን ካገኘ ብቻ ነው። ቦርዱ ካርዶቹን ለአሠሪው አያሳይም። ኃላፊዎች «ፈርመሃል ወይ?» እያሉ በሚያስፈራ መንገድ እንዳይጠይቁ፣ እንዳይዝቱ፣ እንዲተዉት ብለውም ጥቅም እንዳይደልሉ ሕጉ ይከለክላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው እንደ እርስዎ ባሉ የግል ሆስፒታሎች ነው፤ የመንግሥት ሆስፒታሎች በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይዳኛሉ።

ቪዛውን በተመለከተ፣ የመደራጀት መብት በዜግነት ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት አይለይም። የኢሚግሬሽን ደንቡ ከዚህም አልፎ፣ ሥራ የጀመረ የኤች ዋን ቢ ባለቪዛ በአድማ በመሳተፉ ብቻ ሕጋዊ ቆይታውን እንዳፈረሰ እንደማይቆጠር በግልጽ ይደነግጋል። እኔ የምሰጋልዎ ከሌላ ወገን ነው። የእርስዎ ቪዛ በሥራ ውልዎ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የሬዚደንት ውል ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ውሉ ሳይታደስ ቢቀር አሜሪካዊው ባልደረባዎ ሥራ ያጣል፣ እርስዎ ግን ከሥራው ጋር አገሩን ሊያጡ ይችላሉ። በመሆኑም በኅብረት ስምምነት ውስጥ ከደመወዝ ጭማሪው ይልቅ ለእርስዎ የሚበጀው፣ ያለ በቂ ምክንያት ቅጣትና ስንብት እንዳይኖር የሚከለክለውና አቤቱታ በገለልተኛ ዳኛ እንዲታይ የሚያደርገው አንቀጽ ነው። የአድማ ቀን ከተቆረጠ ግን ከመውጣትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

የአባትዎን ፍርሃት አላቃልለውም፤ መነሻው ይታወቃል። በአገር ቤት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታሎችን አድማ ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች መካከል ይቆጥራቸዋል፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ጠይቀው ሥራ ባቆሙ ጊዜም የታሰሩ ነበሩ። ይህን ያዩ አባት «አንገትህን ድፋ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ብቻ እርስዎ ያሉበትን ሕግ ለይተው ቢያስረዷቸው መልካም ነው።

ሬዚደንቶች ለምን በተናጠል መደራደር እንደማይችሉ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ወደ ሥራው የገቡት ሐኪሞችን ከሆስፒታሎች ጋር በሚያጣምረው በማች ሥርዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ካጣመረዎት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ሄደው የተሻለ ደመወዝ የሚጠይቁበት ዕድል የለም። ይህ አሠራር ከውድድር ሕግ ጋር ይጋጫል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ክስ ቢቀርብበትም፣ ኮንግረሱ በ2004 ማችን ከዚያ ሕግ ተጠያቂነት ነጻ አደረገው። ለምሳሌ በዓመት 64 ሺህ ዶላር የሚከፈለው ሬዚደንት በሳምንት 80 ሰዓት 50 ሳምንት ከሠራ፣ በሰዓት የሚደርሰው 16 ዶላር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደነበር ያስታውሱ።

የሰማንያ ሰዓቱ ጣሪያም ቢሆን በቀላሉ የመጣ አይደለም። የኒው ዮርክ ሬዚደንቶች በ1975 ስለ ሥራ ሰዓት ብለው አድማ መትተዋል፤ በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት በከተማዪቱ በሚገኝ ሆስፒታል ከሞተች በኋላ የሐኪሞች ድካም የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ፤ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989፣ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞችን የሚያረጋግጠው ብሔራዊ ተቋም ደግሞ በ2003 ገደቡን ደነገጉ። ነገር ግን 80 የአራት ሳምንት አማካይ ነው፤ ስለዚህ 95 ሰዓት የተሠራበት ሳምንት በወረቀት ላይ ደንብ ላያፈርስ ይችላል። ሰዓቱን የሚመዘግበውም ራሱ ሬዚደንቱ ነው፤ እውነቱን ቢመዘግብ ሊጎዳ የሚችለው የሚማርበት ፕሮግራም ስለሆነ፣ ብዙው እጁ ይያዛል።

ማኅበር መድኃኒቱ ነው ብዬ ግን አልሸነግልዎትም። የመጀመሪያው ስምምነት እስኪፈረም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ እርስዎም ያኔ ሬዚደንሲዎን ጨርሰው ይሆናል። በ2021 የታተመ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች ጥናት፣ ማኅበር ባለባቸው ፕሮግራሞች የአራት ሳምንት ዕረፍትና የቤት ኪራይ ድጎማ በብዛት ቢያገኝም፣ በሥራ መሰላቸትና በሰዓት ጥሰት ረገድ ልዩነት አላየም። በሌላ በኩል በግንቦት 2023 በኒው ዮርክ ኲንስ የሚገኘው የኤልምኸርስት ሆስፒታል ሬዚደንቶች፣ በማንሃተን ለዚያው አሠሪ የሚሠሩት ባልደረቦቻቸው በዓመት 7 ሺህ ዶላር ገደማ ይበልጧቸው ስለነበር ለሦስት ቀናት ሥራ አቁመው፣ በሦስት ዓመት የሚደርስ የ18 በመቶ ጭማሪ አግኝተዋል። ከእነዚያ ሐኪሞች ብዙዎቹ እንደ እርስዎ በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ።

በሽተኛን ስለ መተው ላነሡት ጥያቄ፣ ሕጉ የጤና ተቋም ሠራተኞች አድማ ከመምታታቸው 10 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ዓላማውም ሆስፒታሉ ተተኪ እንዲያዘጋጅ ነው። ተተኪ የቆመለትን በሽተኛ መተውና በሽተኛን ሜዳ ላይ መጣል ለእኔ አንድ አይደሉም። አዳር ሠርቶ የደከመ ሐኪም አጠገቡ የቆመለት በሽተኛም በሚገባ ታክሟል ለማለት ይከብደኛል። ካርዱን መፈረም አለመፈረም የእርስዎ ፈንታ ነው፤ እኔ ብሆን እፈርም ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት፤ በዚያው ሳምንት ሬዚደንቶቹ አድማ ሊመቱ ነው ተባለ። ቀጠሮውን ላሰርዝ?
— ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አያሰርዙ። ቀዶ ሕክምናውን በኃላፊነት የሚሠራው ሬዚደንቱ ሳይሆን ዋናው ስፔሻሊስት ነው፤ እርሱ አድማው ውስጥ የለም። አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ለጥቂት ቀናት ሊተላለፍ ግን ይችላል። ማስጠንቀቂያ ተሰጠ ማለትም አድማው የግድ ይደረጋል ማለት አይደለም፤ በታኅሣሥ 2024 በዋሽንግተን የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሬዚደንቶች ቀን ቆርጠው ሳለ፣ ቀኑ ሳይደርስ ስምምነት ተደርሷል። ወደ ሐኪማቸው ቢሮ ደውለው፣ ቀጠሮው ቢዘዋወር ቀጣዩ ክፍት ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ እናትዎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አቁመው ከሆነም ይህንኑ ሳይዘነጉ ይንገሯቸው።