የጉድጓዴን ውሃ በመጠቀሜ ልቀጣ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በድርቁ ምክንያት በከተማችን አትክልት በጎማ ማጠጣት ተከልክሏል። እኔ የማጠጣው ግን ግቢዬ ውስጥ ባስቆፈርኩት ጉድጓድ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ጠብታ አልነካሁም። ተቆጣጣሪ መጥቶ የቅጣት ወረቀት ሰጠኝ። ጎረቤቴ ደግሞ በየቀኑ መኪናውን ያጥባል፣ የሚናገረው የለም። ውሃ ሰብአዊ መብት አይደለም ወይ? በገዛ ጉድጓዴ እንዴት እቀጣለሁ?

መልስ፦ ቢናደዱ አይፈረድብዎትም። ግን «ጉድጓዱ የእኔ ነው» በሚለው ብቻ ተማምነው አቤት ለማለት አይሂዱ። በብዙ አገሮች ሕግ ጉድጓዱና ውሃው ለየብቻ ነው የሚታዩት። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እርስዎ ነዎት። ከሥር ያለው ውሃ ግን የሕዝብ ሊሆን ይችላል።

የሚኖሩበትን አገር ስላልጻፉልኝ ከተለያየ ቦታ ላሳይዎ። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ስፔንም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው የውሃ ሕግ የከርሰ ምድር ውሃን የሕዝብ ሀብት አድርጋለች። ቴክሳስ ግን ተቃራኒ ነው፤ ከመሬቱ ሥር ያለው ውሃ የባለመሬቱ ነው። እዚያም ቢሆን የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ተቆጣጣሪ አካል ገደብ ማውጣት ይችላል።

በኢትዮጵያው አዋጅ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በእጅ ለሚቆፈርና ለንግድ ለማይውል ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም። ልክ ነው። ነገር ግን ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ገደብ አይመለከትዎትም ማለት አይደለም። ያው አዋጅ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ አለው ይላል። ድርቅ ሲመጣ ከአትክልትዎ በፊት የሰው ጉሮሮ ይቀድማል ብሎ ለሚከራከር ሰው ይህ ጥሩ መያዣ ነው።

ስለዚህ የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው የገደቡ አጻጻፍ ነው። ማስታወቂያውን ሳይሆን ዋናውን ደንብ ወይም መመሪያ ያግኙና ቃል በቃል ያንብቡ። የሚከለክለው «ከከተማው መስመር የሚመጣ ውሃ» ነው ወይስ «ማንኛውም ውሃ»? በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የእርስዎ ቅጣት ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1991 የውሃ ኢንዱስትሪ ሕግ አንቀጽ 76 ውሃ አቅራቢዎች ጎማ መጠቀምን ለጊዜው እንዲያግዱ ይፈቅዳል። እገዳው የሚመለከተው ግን ከእነሱ መስመር የሚቀዳውን ውሃ ነው። በግል ጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አይነካም። ኬፕታውን ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ድርቁ ሲጠና ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ወሰነች፤ የጉድጓድ ውሃንም አልማረችም። በጉድጓድ ውሃ ከቤት ውጭ ማጠጣት የተፈቀደው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ያውም ቢበዛ ለአንድ ሰዓት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ። እርስዎ እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሲያጠጡ ተይዘው «ጉድጓዴ ነው» ቢሉ የሚሰማዎት አይኖርም።

አሁን ወደ ግቢዎ ይውጡና አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። የጎማው ጫፍ የት ነው የተሰካው? በአንዳንድ ግቢ የጉድጓዱም የቧንቧውም ውሃ አንድ ታንከር ውስጥ ይገባና ከዚያ ይከፋፈላል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ «ከቧንቧው አልነካሁም» የሚለው ክርክርዎ ይፈርሳል። ጎማው በቀጥታ ከፓምፑ የሚነሳ ከሆነ ግን ትልቅ ማስረጃ አለዎት። ከፓምፑ እስከ አትክልቱ ያለውን መስመር ሳያቋርጡ በቪዲዮ ይቅረጹ። የቆጣሪዎን የወር ደረሰኞችም ያስቀምጡ፤ ፍጆታዎ ካልጨመረ ወረቀቱ ይመሰክርልዎታል።

የገደቡን አወጣጥም ይፈትሹ። ያወጣው አካል ሥልጣኑን ከየትኛው ሕግ አገኘ? እርስዎ በተቀጡበት ቀን ሥራ ላይ ውሎ ነበር? ለሕዝብ በአግባቡ ተነግሯል? ከላይ የጠቀስኩት የእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ እገዳው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ በሁለት የአካባቢ ጋዜጦችና በአቅራቢው ድረ ገጽ እንዲገለጽ ያስገድዳል። በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ይበቃል ወይ የሚለው በእርስዎም አገር ሊያከራክር ይችላል።

ወደ ሰብአዊ መብቱ ስንመጣ፣ አዎ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2010 የንጹሕ መጠጥ ውሃን መብት አውቋል። ግን መብቱ በዋናነት ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና ነው፤ ለሣርና ለአበባ አይዘረጋም። በአትክልቱ ቤተሰብዎን የሚመግቡ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያንን በግልጽ ይጻፉ። ካልሆነ ይህን ክርክር ቢተዉት ይሻላል፤ ጠንካራውን ነጥብዎን ያደክምብዎታል።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ «እሱም አጥፍቷል» ማለት እርስዎን ነጻ አያወጣም። ሊጠቁሙበት ይችላሉ፤ ከእርስዎ አቤቱታ ጋር ግን አይቀላቅሉት። ያነበበው ሰው ክፋት ነው ብሎ ቢያስብ ተጎጂው እርስዎ ነዎት።

ዛሬውኑ ማየት ያለብዎት የቅጣቱ ወረቀት ላይ ያለውን የአቤቱታ ጊዜ ነው። ጥሩ ክርክር ይዞ ቀኑ ያለፈበት ሰው ምንም ከሌለው አይሻልም። ቅጣቱን ከመክፈልዎ በፊትም ይጠይቁ፤ አንዳንድ ቦታ መክፈል ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል። እስከ ውሳኔው ድረስ ደግሞ ማጠጣቱን ያቁሙ፤ ሁለተኛ ወረቀት ከመጣ የመጀመሪያውንም ያበላሽብዎታል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የተጣለብኝን ቅጣት እቃወማለሁ። የተጠቀምኩት ከግል ጉድጓድ በቀጥታ የተሳበ ውሃ ነው። መመሪያው በአንቀጽ ይህ የሚመለከተው የመስመር ውሃን ነው። ቪዲዮና ደረሰኞች አያይዣለሁ። ቅጣቱ እንዲነሣልኝ፣ ካልሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚጽፉት ግን መመሪያው በእርግጥ እንደዚያ የሚል ከሆነ ብቻ ነው። ሲያስገቡ እርስዎ ዘንድ በሚቀረው ኮፒ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማህተም ያስደርጉ።