ሥዕልን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር፤ የጉብኝቱ ቀን ለምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ሲሆን ከ10 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በሥዕል በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄአለሁ። አሁን የምተዳደረው በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት እየሠራሁ ነው፤ የምሥለውም ልጄ ትምህርት ቤት ስትውል በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስሌድ የተባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ አመልካቾች በሩን የሚከፍትበት፣ እዚህ ኦፕን ዴይ የሚሉት ቀን እንደተቃረበ ሰምቻለሁ። ሥራዎቼን ይዤ ልሂድ? እንግሊዝኛዬስ ያሳፍረኝ ይሆን? የአንድ ሌሊት ደመወዝ ብተውለትስ ያዋጣኛል? የመኖሪያ ፈቃዴ ቋሚ ነው።
ሠዓሊዋ፣ ከለንደን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያለ ጥርጥር ይሂዱ፤ ሥራዎችዎን ግን ቤት ይተዋቸው። ለመግቢያ የሚመረመረው ፖርትፎሊዮ ከማመልከቻው ጋር በኢንተርኔት የሚላክ የፎቶግራፍ ስብስብ ስለሆነ፣ በጉብኝቱ ቀን ሥዕልዎን አይቶ የሚወስን ሰው አይኖርም። እኔ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ አገር ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ትልቅ የሥዕል ማኅደር ታቅፌ ሄጄ ነበር። መምህራኑ ጊዜ አግኝተው እንዲያዩልኝ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ማኅደሩን የከፈተልኝ ሳይኖር ስቱዲዮዎቹ ተዘጉ፣ አንዱንም ሳላይ ተመለስኩ። ቀኑ እኔ የማይበት እንጂ የምታይበት እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስሌድ እ.ኤ.አ. በ1871 የተቋቋመ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ግቢ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። የእኛው አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው፣ ልባቸው ወደ ሥዕል አዘንብሎ የተማሩት እዚያ ነበር። ይህን ማወቅ ያኮራል፤ ሆኖም አንድ ሠዓሊ ዛሬ እዚያ ቤት ገብቶ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግርዎት ታሪኩ ሳይሆን ስቱዲዮው ነው። አንድ ተማሪ ስንት ሜትር ግድግዳ እንደሚደርሰው በዓይንዎ ይለኩ፤ ብርሃኑ ከመስኮት ይሁን ከመብራት፣ ትልቅ ሸራ በበሩ ይግባ አይግባ ልብ ይበሉ። ብሩሽ የሚታጠብበትንም ገንዳ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ጠርዙ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ደርቆ፣ ብሩሾች በጣሳ ተነክረው ካገኙ፣ ሰዎች በእርግጥ እዚያ ይሠራሉ ማለት ነው። ገንዳው ነጭ ሆኖ ክፍሉም ጭር ካለ፣ ተማሪዎቹ የት እንደሚሠሩ ሳይጠይቁ አይውጡ።

ጥያቄዎን ከመምህራኑ ይልቅ ለተማሪዎቹ ያቅርቡ። መምህራኑ በአዳራሽ የሚናገሩትን አብዛኛውን በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ሊያገኙት ይችላሉ፤ መምህር በወር ስንት ጊዜ ወደ ስቱዲዮ ብቅ እንደሚል፣ የኅትመትና የብረት ሥራ ክፍሎችን ለመጠቀም ስንት ሳምንት ተራ እንደሚጠበቅ የሚያውቀው ግን እዚያ የሚውለው ተማሪ ነው። ለእርስዎ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ሌሊት የሚሠራና ልጅ የሚያሳድግ ሰው በሚመቸው ሰዓት ስቱዲዮው ክፍት ነው ወይ? ማታና ቅዳሜ የሚዘጋ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ለእርስዎ ኑሮ አይሆንም፤ ይህን ዛሬ ማወቁ ገብተው ከማወቅ እጅግ ይሻላል።

ስለ እንግሊዝኛዎ አይስጉ። እርግጥ በዚህ ደረጃ ትምህርቱ የሚካሄደው በአብዛኛው በንግግር ነው፤ ተማሪው ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጓደኞቹና መምህራኑ ሲተቹት ይሰማል፣ ይመልሳል፤ ክሪት ይሉታል። እዚያ የሚፈለገው ያማረ አነጋገር ሳይሆን ስለ ሥራዎ ያልዎት ግልጽ ሐሳብ ነው። ከሥዕሎችዎ አንዱን መርጠው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሠሩት፣ የት ላይ እንዳስቸገረዎት በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገርን ይለማመዱ። ስልክዎ ውስጥ አምስት ስድስት ፎቶግራፎችን ቢይዙ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ሲጨዋወቱ ያግዝዎታል፤ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከፊት ለፊት የተነሱ ይሁኑ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቋሚ ፈቃድ ኖሮት በአገሪቱ ቢያንስ 3 ዓመት የኖረ ሰው በአብዛኛው የሚከፍለው የአገሬውን ተማሪ ክፍያ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠውን የመንግሥት ብድርም መጠየቅ ይችላል። ብድሩ ከ12 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን በየዓመቱ የሚሰጥ እየመሰላቸው ነው። ገንዘቡ ለመላው ትምህርት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድ ስለሆነ፣ ለሁለት ዓመት ትምህርት ክፍያውን እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ስለዚህ ዕለቱን የክፍያ ጉዳይ ከሚመለከተው ሠራተኛ ጋር ሳይነጋገሩ አይመለሱ።

በስሌድ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትም ስላለ፣ የሚመዘገቡበት ጉብኝት የሁለተኛ ዲግሪው መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። በዚያው ከተማ ያለው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የመጀመሪያ ዲግሪ ስለማያስተምር በዚህ ረገድ አያሳስብም፤ ለማነጻጸር እሱንም ቢያዩት መልካም ነው። ተመራቂዎች ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ዓውደ ርእይም በበጋቸው መግቢያ አለ። ያኔ ግን ግድግዳው እንደገና ነጭ ተቀብቶ የድካሙ ምልክት ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚታየው በጉብኝቱ ቀን ነው።

ለደመወዙ ሲሉ ጉብኝቱን አይተዉት። መተው ካለብዎት ከጉብኝቱ በፊት ያለውን ሌሊት ይተዉ፤ ሌሊቱን በእግርዎ ቆመው አንግተው ቢሄዱ፣ ከአዳራሹ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስድዎትና ስቱዲዮዎቹን ሳያዩ ይቀራሉ።